መዝገብ ከመዝገብ ሲመሳከር፦ ማጭበርበርን ለመግታት የተደረገው ጥረትና ያስከተለው መዘዝ

ማንኛውም መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ለዜጎቹ ድጎማ መክፈል ሲጀምር፣ ገንዘቡ ለማይገባው ሰው እንዳይደርስ የመጠበቅ ኃላፊነትም አብሮ ይወድቅበታል። ለጡረተኛው፣ ለሥራ አጡ፣ ለአካል ጉዳተኛውና ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት የሚከፈለው ሁሉ ከግብር ከፋዩ የተሰበሰበ በመሆኑ፣ በሞተ ሰው ስም ጡረታ ሲወሰድ ወይም ደመወዝተኛው ሥራ አጥ ነኝ ብሎ ሲከፈለው ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ይሁን እንጂ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ለዚህ ቁጥጥር የሚያገለግለው መሣሪያ የጸሐፊው ብዕር፣ የጎረቤት ምስክርነትና የመርማሪው እግር ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት የያዘውን መዝገብ ሌላው አያየውም፤ ቢያየውም መቶ ሺህ ስም ከሌላ መቶ ሺህ ስም ጋር እያስተያየ የሚጨርስ ሰው አይገኝም።

ኮምፒዩተር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ይህ እንቅፋት ተወገደ። ሁለት የስም ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አቅርቦ በሁለቱም ላይ የሚገኘውን ሰው ለይቶ ማውጣት የጥቂት ሰዓት ሥራ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ «መረጃ ማመሳከር» የተባለው ይኸው አሠራር ነው። ጉዳዩ መምህራንንና የዕቅድ ባለሙያዎችን በቅርብ ይመለከታል፤ የትምህርት መሥሪያ ቤቶች የተማሪውን፣ የወላጁንና የመምህሩን ስም በብዛት ከሚይዙት የመንግሥት አካላት መካከል ናቸውና። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተፈጸሙት ጥፋቶች እጅግ ከከፉት አንዱ የመነጨው ከተራቀቀ ሳይንስ ሳይሆን ማንኛውም የሂሳብ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያርመው ከሚችለው የአማካይ ስሌት ስሕተት ነው። የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመን ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ልብ ይላል።

ሁለት መዝገቦችን ለማመሳከር ስም ብቻውን አይበቃም። ጆን ስሚዝ የሚባል ሰው በአሜሪካ በብዙ ሺህ ይቆጠራልና። ይህን ክፍተት በዚያ አገር የሞላው የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ነው። በ1935 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1936 ጀምሮ ለሠራተኞች የታደለው ይህ ባለዘጠኝ አኃዝ ቁጥር የተፈጠረው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሠራተኛው በሥራ ዘመኑ ያገኘውን ደመወዝ መዝግቦ በጡረታው ጊዜ የሚገባውን ለማስላት ነው። በ1943 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ለሰዎች አዲስ የመዝገብ ቁጥር መስጠት ሲያስፈልጋቸው በዚሁ እንዲገለገሉ አዘዙ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ የግብር ከፋዮች መለያ አደረገው። ለጡረታ ተብሎ የተሰጠው ቁጥር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሰውየው ሁለተኛ ስም ሆኖ ተገኘ። በምክር ቤት ተመክሮበት «ከእንግዲህ ይህ ቁጥር መዝገቦችን ሁሉ የሚያያይዝ ገመድ ይሁን» ተብሎ በአንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር ግን አልነበረም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለራሱ ሥራ የሚመቸውን ሲያደርግ የሁሉም ድምር ያን ውጤት አመጣ።

አደጋውን አስቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ በዚያን ጊዜ ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ድጋፍን አጣምሮ ይመራ የነበረው ሚኒስቴር ነው። ይኸው ሚኒስቴር ያቋቋመውና የኮምፒዩተር ሊቁ ዊሊስ ዌር የመራው አማካሪ ኮሚቴ በ1973 ያቀረበው ጥናት፣ በድብቅ የሚያዝ የግለሰብ መዝገብ ሊኖር እንደማይገባ፣ ሰውም ስለራሱ የተጻፈውን አይቶ ስሕተቱን የማስታረም መብት እንዳለው፣ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ያለባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ሊውል እንደማይገባ ዘረዘረ። በ1974 የወጣው የግል ምሥጢር ጥበቃ ሕግ በእነዚህ ሐሳቦች ላይ የተመሠረተ ነው። ሆኖም ሕጉ ለመሥሪያ ቤቶች አንድ በር ትቶላቸው ነበር። መረጃው ከተሰበሰበበት ዓላማ ጋር ለሚስማማ «የዘወትር አገልግሎት» ከሆነ ያለባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ መሥሪያ ቤት ሊተላለፍ ይችላል ይላል። ምን ያህሉ «ዘወትር» እንደሚባል የመወሰኑ ሥራ በአብዛኛው ለመሥሪያ ቤቶቹ ለራሳቸው የተተወ ነበር።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ምጸት አያጣውም። ኮሚቴው ጥናቱን ባቀረበ በአራተኛው ዓመት፣ በ1977፣ በዚያው ሚኒስቴር የተሾሙት ጆሴፍ ካሊፋኖ «ፕሮጀክት ማች» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ዓላማው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የደመወዝ መዝገብ ለችግረኛ ቤተሰቦች ከሚከፈለው ድጎማ መዝገብ ጋር አመሳክሮ፣ በሁለቱም ላይ ስማቸው የሚገኘውን ማውጣት ነበር። የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የሕግ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ተቃወሙ። ሠራተኛው ስሙንና ቁጥሩን የሰጠው ደመወዝ እንዲከፈለው ነው፤ መዝገቡ በሚተላለፍበት ሰዓት በማንም ላይ የተለየ ጥርጣሬ የለም፤ ስለዚህ ይህን የዘወትር አገልግሎት ማለት ይከብዳል የሚል ነበር ክርክራቸው። ክርክሩ ግን አልጸናም፤ መዝገቡ ተላለፈ።

ኮምፒዩተሩ በሺህ የሚቆጠር ስም አወጣ። የዝርዝሩ ርዝመት በጋዜጦች ላይ ትልቅ ወሬ ሆነ፤ መርማሪዎች አንድ በአንድ ሲያጣሩት ግን አብዛኛው ስም ከጥፋት ነጻ ሆኖ ተገኘ፤ ለፍርድ የቀረበውም ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር ሲነጻጸር እፍኝ የማይሞላ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ደመወዟ አነስተኛ፣ ልጆቿ ብዙ የሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ በሕጉ መሠረት ድጎማ ሊገባት ይችላል። በጥር ድጎማ ስትቀበል የቆየች ሴት በሰኔ ሥራ ይዛ እንደሆነ፣ የጥሩ መዝገብ ከሰኔው ጋር ሲተያይ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም የወሰደች ትመስላለች። ከዘጠኙ አኃዝ አንዱ በስሕተት ተጽፎ እንደሆነም ቁጥሩ የሚያመለክተው ሌላ ሰው ነው። መመሳከሩ «ይህ ስም በሁለቱም ቦታ አለ» ከማለት አልፎ «ይህ ሰው አጭበርብሯል» ሊል አይችልም። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው ወረቀቱን ይዞ ሰውየውን የሚጠይቅ ሠራተኛ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ይኸው ዘዴ ለትምህርት ጉዳይ ዋለ። የተማሪነት ብድራቸውን ሳይከፍሉ የቀሩ ሰዎች ዝርዝር ከመንግሥት ሠራተኞች መዝገብ ጋር ተመሳከረ። በዝርዝሩ ላይ ከተገኙት መካከል የሚኒስቴሩ የራሱ ሠራተኞች ነበሩበት። እዚህ ላይ ዘዴው ጥሩ ውጤት ማስገኘቱን መካድ አይቻልም፤ ብድር የወሰደና ደመወዝ ያለው ሰው መክፈል ይገባዋል።

መረጃው ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ የተሳሳተበት አንድ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት የድጎማ ተቀባዮችን ዝርዝር ከባንኮች የተቀማጭ ሂሳብ ጋር አመሳከረ። በሕክምና ድጎማ የምትኖር አንዲት አሮጊት ከተፈቀደው በላይ ገንዘብ በባንክ አላት ተብሎ ድጎማዋ ተቋረጠ። ገንዘቡ በእርግጥ ነበረ፤ ስሙም የእርሷ ነው፤ ቁጥሩም አልተሳሳተም። ነገር ግን ለቀብሯ ማስፈጸሚያ በአደራ የተቀመጠ ነበር፤ ሕጉም እንዲህ ያለው ገንዘብ እንደ ሀብት እንዳይቆጠር በግልጽ ደንግጓል። ተከራክራ መብቷ ተመለሰላት። ለእድሩ ወር በወር የሚያዋጣ አንባቢ የዚህችን ሴት ነገር ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። የባንክ መዝገብ የገንዘቡን መጠን እንጂ የተቀመጠበትን ምክንያት አይጽፍም፤ ፍርዱ የተንጠለጠለው ደግሞ በምክንያቱ ላይ ነበር።

እነዚህን የመሳሰሉ ጉዳዮች ተጠራቅመው የአሜሪካ ኮንግሬስ በ1988 መረጃ ማመሳከርን የሚመለከት ሕግ አወጣ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን ከማስተያየታቸው አስቀድሞ ዓላማውን፣ የሕግ መሠረቱንና የሚጠበቀውን ጥቅም የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት እንዲፈራረሙ፣ ስምምነቱንም በየመሥሪያ ቤቱ የሚቋቋም ቦርድ እንዲመረምረው አዘዘ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ በኮምፒዩተሩ ውጤት ብቻ የማንም ድጎማ አይቋረጥም፤ ግኝቱ አስቀድሞ በሌላ መንገድ ይረጋገጣል፤ ባለጉዳዩም ማስታወቂያ ደርሶት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያገኛል። ሕጉ በመጠኑ ደካማ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ሆኖም ከመመሳከር እስከ ውሳኔ ባለው መንገድ ላይ አንድ ሰው ቆሞ እንዲያይ ማስገደዱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ክርክር ተካሂዷል። የምዕራብ ጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1983 በሕዝብ ቆጠራው ሕግ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ሰው ስለራሱ ያለው መረጃ ለማንና ለምን እንደሚውል የመወሰን መብት እንዳለው ተናገረ። ለቆጠራ የተሰበሰበው መልስ የከተሞችን የነዋሪ መዝገብ ለማረም እንዲውል የሚፈቅደውንም ድንጋጌ ሻረ። የፍርዱ ምክንያት ለዕቅድ ባለሙያ የሚገባ ነው፦ ሕዝቡ የሚሰጠው መልስ ነገ በራሱ ላይ የሚመለስ ከመሰለው እውነቱን አይናገርም፤ እውነት የሌለበት ቆጠራ ደግሞ ለዕቅድ አይበጅም። በብሪታንያ በ1996 የተጀመረው ብሔራዊ ማጭበርበርን የመከላከል መርሐ ግብር በበኩሉ ዘዴው በአግባቡ ሲያዝ የሚሰጠውን ጥቅም ያሳያል። በየሁለት ዓመቱ የአካባቢ መስተዳድሮች የጡረታ መዝገብ ከሟቾች መዝገብ ጋር፣ የቤት ድጎማው ከደመወዙ ጋር ይመሳከራል፤ የሚወጣው ዝርዝርም ለየመስተዳድሩ የሚላከው እንዲጣራ እንጂ እንዲፈረድበት አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚተረከው የአውስትራሊያ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል።

አውስትራሊያ በ1987 ለዜጎቿ ሁሉ አንድ መታወቂያ ለመስጠት ያወጣችው ዕቅድ በሕዝብ ተቃውሞ ከወደቀ በኋላ፣ የግብር መለያ ቁጥርን አጠናከረች። በ1990 የወጣ ሕግም የግብር መሥሪያ ቤቱና የድጎማ መሥሪያ ቤቶቹ መዝገባቸውን እንዲያመሳክሩ ፈቀደ። ለሃያ ዓመታት ያህል አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ድጎማ ተቀባዩ በየሁለት ሳምንቱ ያገኘውን ገቢ ለመሥሪያ ቤቱ ይናገራል፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከአሠሪዎች የዓመቱን ጠቅላላ ደመወዝ ያውቃል፤ ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ከዝርዝሩ አጠራጣሪ የሆኑት ተመርጠው ለሠራተኛ ይሰጣሉ። ሠራተኛው ለአሠሪው ይጽፋል፤ የየሁለት ሳምንቱን የደመወዝ ወረቀት ያስመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳ ካለ ዕዳውን ያሰላል። ሥራው አድካሚ ስለሆነ በዓመት የሚመረመረው 20,000 ያህል ብቻ ነበር።

በ2015 በሙከራ፣ ከ2016 ጀምሮም በስፋት የተተከለው አዲሱ አሠራር ይህን ሠራተኛ ከመካከል አወጣው። ኮምፒዩተሩ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ልዩነት ሲያገኝ ለባለጉዳዩ ደብዳቤ ይወጣል፤ ባለጉዳዩ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት የተቀበለውን የደመወዝ ወረቀት አቅርቦ ካላስተባበለ፣ ኮምፒዩተሩ የዓመቱን ገቢ በዓመቱ ውስጥ ላሉት 26 የሁለት ሳምንት ጊዜያት እኩል አካፍሎ ዕዳውን ያስታውቃል። በዓመት 20,000 የነበረው በሳምንት 20,000 ያህል ደረሰ። ሕዝቡ «ሮቦዴት»፣ እንደ ማለት የሮቦት ዕዳ፣ ሲል ሰየመው። መንግሥት ከዚህ ይገኛል ብሎ ያሰበውን ከ1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ቁጠባ ገና ሥራው ሳይጀመር በበጀቱ ላይ አስፍሮት ነበር። አንድ ጊዜ በበጀት ላይ የሰፈረ ቁጠባ እንደሌላ ገቢ ሁሉ ይጠበቃል፤ ዘዴው ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያም ከዚያ ወዲያ የሚጋፋው ዘዴውን ብቻ ሳይሆን በጀቱን ነው።

የስሌቱ ስሕተት በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ወጣት በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ማለትም ለ13 የሁለት ሳምንት ጊዜያት፣ በእያንዳንዱ 1,000 ዶላር እየተከፈለው ሠራ። ጠቅላላ ገቢው 13,000 ዶላር ነው። ከዚያ ሥራው አበቃና በሁለተኛው አጋማሽ የሥራ አጥ ድጎማ ተቀበለ፤ በየሁለት ሳምንቱም «ገቢ የለኝም» ብሎ አስታወቀ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን 13,000ን ለ26 አካፍሎ በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር አግኝቷል ይላል። በዚህ ስሌት ወጣቱ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠባቸው 13 ጊዜያት ሁሉ 500 ዶላር ደብቋል፤ ስለዚህ ባለዕዳ ነው። የማካፈሉ ስሌት አልተሳሳተም፤ 13,000 ለ26 ሲካፈል 500 ነው። የተሳሳተው የአማካዩ ትርጉም ነው። በሸዋ ደጋ በዓመቱ የጣለውን ዝናብ ለ12 ወራት አካፍሎ «በታኅሣሥም ይህን ያህል ዘንቦልሃል፤ ለምን አልዘራህም?» ብሎ ገበሬውን እንደ መክሰስ ያለ ነው።

ይህ ስሕተት በሁሉም ላይ እኩል የሚወድቅ አለመሆኑም ሊጤን ይገባል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ደመወዝ ለሚቀበል ሰው አማካዩና እውነቱ አንድ ናቸው፤ ስሌቱ አይጎዳውም። የሚጎዳው ገቢው ከፍና ዝቅ የሚለው ነው፦ በዕረፍት ጊዜው የሚሠራ ተማሪ፣ በመከር ወራት ብቻ የሚቀጠር የቀን ሠራተኛ፣ በተተኪነት የሚያስተምር መምህር፣ ታሞ ሥራ ያቋረጠ። ድጎማ የሚያስፈልገው ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ስለሆነም ዘዴው ይሳሳት የነበረው በተለይ በተተከለለት ሕዝብ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። ገና በ2014 የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያዎች በአማካይ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ዕዳ ማስላት ከሕጉ ጋር እንደማይጣጣም ጽፈው ነበር። በ2017 በአስተዳደር ይግባኝ ሰሚው አካል ይሠሩ የነበሩት የሕግ ፕሮፌሰር ቴሪ ካርኒ ይህን የመሰሉ ዕዳዎችን ሕጋዊ አይደሉም ብለው ወሰኑ፤ መሥሪያ ቤቱም ይግባኝ ሳይጠይቅ ዝም አለ። ይግባኝ ያልተባለበት ውሳኔ በይፋ ስለማይታተም ሌሎች ባለዕዳዎች ሊጠቀሙበት አልቻሉም፤ ደብዳቤውም መውጣቱን ቀጠለ። ይህ ዝምታ፣ ከስሌቱ ስሕተት ይልቅ፣ ይቅር ለማለት የሚከብድ ነው። ስሌት ሳያውቁ ሊሳሳቱበት ይቻላል፤ ይህኛው ግን እየታወቀ የቀጠለ ነው።

በኅዳር 2019 አንዲት ሴት ለፌዴራል ፍርድ ቤት ባቀረበችው ክስ መንግሥት ዕዳው ሕጋዊ መሠረት እንዳልነበረው አመነ። በግንቦት 2020 ከ470,000 ዕዳዎች የተሰበሰበ 721 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመለስ ተገለጸ። በ2021 የጋራ ክሱ ስምምነት በፍርድ ቤት ሲጸድቅ፣ ያለአግባብ የተጠየቀው ዕዳ በጠቅላላው ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ የተጠየቁትም ሰዎች ከ430,000 በላይ መሆናቸው ታወቀ። ቁጠባ የተባለው ኪሳራ ሆነ። ቀጥሎም በቀድሞዋ ዳኛ ካትሪን ሆምስ የተመራው ንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን ምስክሮችን ሰምቶ በሐምሌ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ አሠራሩን ፍትሐዊም ሕጋዊም ያልነበረ፣ ጭካኔ የተመላበት ሲል ገልጾ 57 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ። በኮሚሽኑ ፊት ከቀረቡት ምስክሮች መካከል፣ የዕዳ ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ሕይወታቸውን ያጠፉ ወጣቶች እናቶች ይገኙበታል።

በኔዘርላንድ የሆነው ከዚህ ጋር በአንድ ወቅት ቢደርስም ምንጩ ሌላ ነው። በዚያ አገር የግብር መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናት ማቆያ የሚሰጠውን ድጎማ ሲቆጣጠር፣ አመልካቹ የዜግነት ጉዳዩን ጨምሮ ከተለያዩ መረጃዎች ተነሥቶ ማን መመርመር እንዳለበት ይለይ ነበር። ፊርማ የጎደለው ወይም ጥቂት ገንዘብ ያልከፈለ ወላጅ እንደ አጭበርባሪ ተቆጥሮ የዓመታት ድጎማ በሙሉ እንዲመልስ ይጠየቅ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ተጎዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የውጭ አገር ዝርያ ያላቸው ነበሩ። የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ በታኅሣሥ 2020 ጥፋቱን ካጋለጠ በኋላ መንግሥቱ በጥር 2021 ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 2020፣ የሔግ ፍርድ ቤት «ሲሪ» የተባለውን ሌላ የማመሳከሪያ ሥርዓት አስቁሞ ነበር። ሲሪ 17 ዓይነት መረጃዎችን ከየመሥሪያ ቤቱ ሰብስቦ የትኛው ነዋሪ ሊያጭበረብር እንደሚችል ይገምታል፤ ግምቱ በምን ላይ እንደተመሠረተ ግን አይገለጽም። ፍርድ ቤቱ ያልተቀበለው ይህንኑ ምሥጢራዊነት ነው፤ ሰው በምን እንደተጠረጠረ ካላወቀ ሊከራከር አይችልምና።

በኢትዮጵያ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም.፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ሁለቱ ተከታትለው መውጣታቸው መልካም ነው፤ በአሜሪካ ከቁጥሩ እስከ ሕጉ 38 ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ ቁጥር ሁሉንም ሰው እስኪያዳርስ ድረስ ግን በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የተከማቹት መዝገቦች የሚመሳከሩት በስምና በልደት ዘመን ነው፤ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ደግሞ የአገሪቱ መዝገቦች የራሳቸው ጠባይ አላቸው።

የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ሰው የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። አንዱ ቅጽ አያትን ይጠይቃል፤ ሌላው አይጠይቅም። ፊደሉም አለ። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ ቢጻፍ ንባቡ አይለወጥም፤ ሥላሴ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይጀመራል፤ ስሙ ተነጥሎ፣ ተጣምሮ ወይም በእዝባር አጥሮ ሊጻፍ ይችላል። ስድስት በሁለት፣ እንደገና በሦስት ሲባዛ 36 ይሆናል። ለአንባቢው አንድ ሰው የሆነው ለኮምፒዩተሩ 36 ሰው ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ቁጥሩን መገመትም ያስቸግራል። በአንጻሩ ከበደ ተሰማ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ መምህራን በአንድ ወረዳ ቢገኙ ለኮምፒዩተሩ አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለት ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ ተገኘ ለመባል ያን ያህል ይበቃል።

የልደት ዘመንም እንደዚሁ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ፣ የተወለደበት ወር ሳይታወቅ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲለወጥ፣ እንደ ጸሐፊው ግምት 1997 ወይም 1998 ይሆናል። አንዳንዱ ጸሐፊ ስምንት ይደምራል፤ አንዳንዱ ሰባት። ከሁሉ የሚያስቸግረው የጳጉሜን ልጅ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ለመመዝገብ ስትቀርብ ቅጹ የተሰናዳው ለ12 ወራት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ መዝጋቢ ነሐሴ 30 ብሎ ይጽፋታል፤ ሌላው ዘመን ከተለወጠ አይቀር ብሎ መስከረም 1 ቀን 2016 ያደርጋታል። ሁለቱም መዝጋቢዎች በቅንነት የሠሩ ናቸው። ልጅቱ ግን በክሊኒኩ መዝገብ የ2015፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ የ2016 ልጅ ሆና ትኖራለች፤ ወላጆቿም የትኛው እንደሚሻል የሚያውቁት ሁለቱ መዝገቦች አንድ ቀን ተመሳክረው ሲጠየቁ ነው።